ይለፍ ቃል

ጌንት፣ ሐሙስ ማታ፣ ዝናብ መስኮት ሲመታ፣
ወይዘሮ ጎደሊቭ ጠሩኝ ከምድር ቤት በዝግታ፤
«ማተሚያው አይሰማኝም። ሰማያዊ ዓይኑን
ያርገበግባል እንጂ አይነግረኝም ጉዱን።»

አጠፋሁት፣ አበራሁት፤
ነቀልሁት፣ ሰካሁት፤
ራውተሩ ሥር አስጠግቼ እንደ ኩርፈኛ አባበልሁት።
ወይ ፍንክች!

ጎንበስ ብዬ ትንሿን ስክሪን ሳነባት፣
«አልፎንስን በመፈለግ ላይ» የሚል አገኘሁባት።

አልፎንስ ሟቹ ባላቸው፤ የድሮው ዋይፋይ በስማቸው የሚጠራው።
ኩባንያው መጋቢት ላይ ራውተሩን ቀየረ፤ ማተሚያውን ማን ያርዳው?

«ይለፍ ቃሉስ?» አልኩ።
«የሚያውቀው አለፈ» አሉና መሳቢያ ሳቡ፤
ከባቄላ ዘር ከረጢት ጀርባ፣ በእርሳስ የተጻፈ አነበቡ።

ለአዲሱ ራውተር የሟቹን ስም አወጣሁለት፣
ይለፍ ቃሉንም እንደ ጥንቱ፣ አንድ ፊደል ሳልስት።
ማተሚያው አጓራ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ወረቀት ጎረሰ፤
ኮምፒውተሩ ወረፋ ላይ ያቆየው ደብዳቤ ደረሰ፦

«ለኢንተርኔት ኩባንያው፦ መስመራችሁ እንቅልፋም ነው።
ሚስቴ የልጅ ልጆቿን ፊት የምታየው ተቆራርጦ ነው።
እባካችሁ ቶሎ።
አልፎንስ።»

ወይዘሮ ጎደሊቭ ሳቁ፤ መነጽራቸውን አወለቁ።
ላነሳው ስል እጄን ያዙኝ፦
«ቀስ በል፣ ቀለሙ ገና ነው መድረቁ።»