ቀሪ

ከፎቶዬ በታች አሥራ ሁለት አኃዝ፣
ፈሃሂል ስደርስ የተጫነልኝ ጓዝ፦
291010104389።
ዜሮን በነጥብ ነው የሚጽፉት እዚህ፤
ሦስት ቦታ ላይ ዝንብ ያረፈበት ይመስላል።

ዘጠና አንድ፣ አንድ፣ አንድ፤ ልደትሽ ነው አሉኝ።
የኛን ዘጠና አንድ ደላላው ነው በፈረንጅ የጻፈው፤
ስምንት ዓመት በነጻ ጨመረልኝ፣
በነጻ የሰጠኝ እሱን ብቻ ነው።
"ጳጉሜ ስድስት የሚባል ቀን የለም" ብሎ
ጃንዋሪ አንድ ላይ ተከለኝ፣ ከቀኔ ነቅሎ።

አለ እንጂ።
ዓመትን ለሠላሳ አካፍል፤
አሥራ ሁለት ይደርሳል፣ አምስት ይተርፋል፤
በአራት ዓመት አንዴ ትርፉ ላይ አንድ ይመረቃል።
እናቴ እዚያች ምራቂ ላይ ነው የወለደችኝ።

መምህር አበጋዝ፣ ሐርቡ፣ ሰባተኛ ለ፣
"ከአንድና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው ብቸኛ ቁጥር ነው" አለ፤
"ብቸኛ መሆኑን ለማወቅ ግን በር በር ማንኳኳት ነው፣
አንዱ እስኪከፍት ወይ በሩ እስኪያልቅ።"

ቤቱ ሲተኛ፣ ማቀዝቀዣው ብቻ ሲያጉረመርም፣
በጀምዒያ ደረሰኝ ጀርባ፣ በፈዋዝ ጉማጅ እርሳስ
ማንኳኳት ጀመርኩ።
ለሁለት፣ እምቢ። ለሦስት፣ ሁለት ተረፈ።
ለሰባት አራት። ለአሥራ አንድ አራት። ለአሥራ ሦስትም አራት፤
እጄ የሳተ መስሎኝ ደገምኩት፤ ያው አራት፣
ሦስት ጎረቤት ተመካክረው ያቀበሉኝ እራት።

የሚተርፈው "ቀሪ" ነበር የሚባለው።
ስሙ ሲጠራ ክፍል ውስጥ የሌለውም ቀሪ ነው።
"ጦይባ ሰይድ?" "ቀሪ።"
"ጦይባ?" "ቀሪ።"
በሦስተኛው ሳምንት ይሰርዙታል።

አሥራ ሰባት፣ አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ ሦስት፤
ረመዳን ገባ፣ ወጣ፤ ሃምሳ ሦስት፣ ሃምሳ ዘጠኝ።
አንድ ሌሊት ተናድጄ ለስድሳ አካፈልኩት፤
ስድሳ ብቸኛ እንዳልሆነ አውቃለሁ፣
ደመወዜ ስለሆነ ነው፣ ስድሳ ዲናር።
ሃያ ዘጠኝ ተረፈ።

በማግስቱ ለስድሳ አንድ። ቁልቁል፣ ቁልቁል፣
መጨረሻው ላይ አምስት መቶ አርባ ዘጠኝ።
ስድሳ አንድ ሲባዛ በዘጠኝ፣ አምስት መቶ አርባ ዘጠኝ።
ምንም አልቀረም።

አልጮኽኩም፤ ልጆቹ ተኝተዋል።
ክሎሪን ያነጣቸውን ጣቶቼን አየሁ።
የደላላ ውሸት ያለበት ቁጥር፣
ለእኔ ያልዋሸው ይኼን ብቻ ነው፦
ብቸኛ አይደለሁም አለ። ከደመወዜ አንድ ከፍ ብሎ
በር የከፈተለት አለ።

ድርሻው 4770657449።
ይኼስ? ይኼ ብቸኛ ይሆን?
ለእናቱ እምቢ ያሉት ለልጁም እምቢ ናቸው፤
ከስድሳ አንድ ጀምሬ እቀጥላለሁ።
ደረሰኙን ገለበጥኩት፦ ቲማቲም፣ ዳይፐር፣ በረኪና፤
ባዶ ቦታ አልቋል።
ነገ ለአርብ እንግዶች ይገዛል፤
ደረሰኙ ረጅም ነው።