ያሰጣሁት አንሶላ

አራት ዓመት ሙሉ ከጣሪያው ላይ ሆኜ፣
አፍና አፍንጫዬን በሻሽ ሸፍኜ፣
አንሶላ ሳሰጣ፣
አጥቤ ሳልጨርስ አቧራው ሲመጣ፣
አውርጄ ስዘፈዝፍ፣
ከአጥሩ ማዶ በቅሎ ሲሚንቶ ሲሰለፍ፣
ምሰሶ በምሰሶ፣ ድልድይ በላይ በላይ፤
«ባቡር ነው» አሉኝ ሰዎች፣ «ሀዲዱ ከሰማይ»።

ኡሙ ኸለፍ ከታች፣ ወንበሯ ላይ ሆና፣
«ሉባባ!» ትላለች፣ «ነካ ወይ ደመና?»
«ገና ነው» እላታለሁ፣ «ቀርቶታል አንድ ክንድ»፤
ትስቃለች እያሳለች። ጉልበቷ አይረግጥ መንገድ፤
የናሲምን ሰፈር በኔ ዓይን ነው ያየችው፣
ክሬኑ ሲዞር፣ ብየዳው ሲፈነጥቅ፣ በኔ አፍ ነው የሰማችው።

ከአንዱ ምሰሶ ጫፍ አንድ ሰው ነበረ፣
ከልብስ ማስጫዬ ጋር እኩል የተገተረ።
ኔፓል ይሁን ቢሃር አገሩን አላውቅም፤
በኔና በሱ መሃል ነፋስ ነው፣ ድምፅ አያልፍም።
ስም አወጣሁለት ስሙን ባጣሁበት፣
እንደ ፈረስ ስም፣ «አባ ቢጫ» አልኩት፣
በደፋው ቆብ ቀለም።
በምሳ ሰዓት እጁን ያነሳል፤ እኔም መቆንጠጫዬን። ሌላ ወሬ የለም።
ነሐሴ ላይ አንድ ቀን፣ ብረቱ እንደ ፍም ሲግል፣
ያው ቢጫ ቆብ መጣ በሌላ ሰው ራስ ላይ፤ አረማመዱ ያስታውቃል።
ኮንትራቱ አለቀ? ወደቀ? አገሩ ገባ?
ማን ይነግራታል ይህን ለሉባባ?

ዛሬ ተከፈተ። በቴሌቪዥኑ ሹማምንት ቆሙና
ሪባን ቆረጡ አሉ፤ የሰማሁት ከወጥ ቤት ነው፣ ሥራ ላይ ነኝና።
ኡሙ ኸለፍ ግን ከትራሷ ስር ሳንቲሟን ፈልጋ፣
«እንኪ አራት ሪያል» አለች፣ እጄን ጥፍንግ አድርጋ።
«ሂጂ ተሳፈሪ። በኛ ጣሪያ ስታልፊ እጄን አነሳለሁ፣
ቱርኪ አዝሎ ያወጣኛል፤ ካላየሽኝ እቀየማለሁ»።

ጣቢያው አዲስ ቀለም፣ አዲስ ወለል ይሸታል፤
ዓይኔ ቢጫ ቆብ ፍለጋ ከጥግ ጥግ ይዋትታል።
አንድም የለ።
ድንኳኑን ተክሎ ሠርጉን ያልበላ ስንቱ አለ።

ሾፌር የለውም ለካ።
ፊቱ መስታወት ነው፤ ልጆች ተደርድረዋል አፍንጫቸው እስኪነካ።
ሁሉም ስልኩን ዘርግቶ ይቀርፃል በደስታ፤
አንዲት ፊሊፒናዊት ነርስ ግን፣ ከሌሊት ሥራ ወጥታ፣
ገና በሩ ሳይዘጋ፣ እንዳሮጌ ደንበኛ፣
አንቀላፋች ጭንቅላቷን ለመስታወቱ ሰጥታ።

ባቡሩ ሲነሳ ሰፈሩ ወረደ፣
የማውቀው ሁሉ እያነሰ ሄደ።
ያ የሳሎን መስኮት፣ ስንት ጁምዓ ስወለውለው ክንዴን የሚያዝለው፣
ከውጭ ሳየው መዳፍ ነው የሚያህለው።

ከዚያ ጣሪያው መጣ፤
ጋኑ፣ ዲሹ፣ ገመዱ፤ ነጭ ነገር ከፍ ሲል አየሁ፣ ዝቅ ሲል ደግሞ ታጣ።
እጄን አነሳሁ፤
እንደቆምኩ ሌላ ሰፈር አለፍኩ፣ መውረዴን ረሳሁ።
አባ ቢጫም ያየኝ የነበር እንዲህ ነው፤ ፊት የሌለው ጨርቅ፣
ሰላም የሚል ከሩቅ።

ከመግሪብ በፊት፣ ገና ከበሩ፣ «አየሽኝ ወይ?» አለች።
«አየሁሽ»።
«ምን ለብሼ?»
«ነጭ»።
ሳል እስኪያፍናት ሳቀች።
«ቱርኪ መች መጣና! እኔ ከዚህ ወንበር ንቅንቅም አላልኩ፤
ስለኔ እንዲያውለበልብ አንሶላሽን ወከልኩ»።

«ነገ እኔ አዝልሻለሁ» አልኳት። ወጣሁ ወደ ጣሪያ።
አንሶላው ደርቋል። በእጄ ዳበስኩት መጀመሪያ፣
ቀጥሎ በጉንጬ። አቧራ የለበትም።
ከላይ ባቡሩ አለፈ፤ ባዶ ይሁን ሙሉ አልታየኝም።
መቆንጠጫዬን አነሳሁለት።