ምልክት ተካይ

ሃልቨር ይጽፋል፣ እኔ እተክላለሁ፤
እሱ ፊደል ያውቃል፣ እኔ አፈር አውቃለሁ።
ዊስኮንሲን፣ ቶማ ዳር፣ ከቆርቆሮው መጋዘን፣
የጥድ ጣውላ ሲልግ፣ ቡኒ ቀለም ሲመዝን፣
በቢጫ ሲሞላ የፊደሉን ጉድጓድ፣
መነጽሩ ሾልኮ አፍንጫው ጫፍ ሲራመድ፣
የሕዝቡን ፓርኮች ሁሉ ጣውላ ላይ ያሰፍራል፤
ሐይቁን፣ ገደሉን፣ ዋሻውን ስም ሰጥቶ ያሰማራል።

አንዱንም ግን አላየም።
ጉልበቴ ነው ይላል፤ መኪና ያመኛል፤
ስማቸው ይበቃኛል።

እኔ ነኝ የምዞረው፤ ፒካፑ የመንግሥት፣
ዶማው የመንግሥት ነው፣ ሲሚንቶው የመንግሥት፣
የግሌ ጓንቴ ብቻ፣ እሱም ሌባ ጣቱ ክፍት።
ሐይቁ ግን የሕዝብ ነው ይላሉ።
«ጀልባ እዚህ አውርድ»፣ «ውሻህን እሰር በገመድ»፣
«ድንኳን ቁጥር ሰባት»፣ «እሳት በጉድጓዱ አንድድ»፤
አንዳንዱ ይፈቅዳል፣ የሚበዛው ይከለክላል፤
ዛፍም ድንጋይም ቢሆን ትእዛዝ ይቀበላል።
«በጾም ወራት እንኳ ይህን ያህል ‘አትብላ’ የለም»
ብለው ሃልቨርን፣ ቀና እንኳ አላለም፤
«ፊደሉን ነው» አለኝ፣ «ትርጉሙን እኔ አልጽፍም።»

ሃያ ሁለት ዓመት ጉድጓድ ስቆፍር፣ ስተክል፣
ከሚሲሲፒ ዳር እስከ ሰሜኑ ሐይቅ ክልል፣
አንድም አልጸደቀ።
ደረቅ ነው የሚተከል፤ ቆሞ ይበሰብሳል፤
ጉንዳን ሥሩን ይበላል፣ አዳኝ ፊቱን በጥይት ይበሳል፤
በየጸደዩ ሄጄ ሬሳውን ነቅዬ
ተተኪውን ከመኪናው አወርዳለሁ አዝዬ።

አምና ግን በግንቦት፣ ከሄሮን ሐይቅ ስደርስ፣
ምሰሶ የለኝም።
በጀት አልቋል አሉ፤ እስከ ሐምሌ አይታዘዝም።
ዋና ጠባቂዋ ካሪ ወጥታለች ከደመወዝ መዝገብ፣
ነጩ ወንበሯ ላይ ቁራ ተቀምጦ ሲታዘብ፣
ሃልቨር የቀረጸው እጄ ላይ ያለው፦
«መዋኘት ክልክል ነው።»
ምን ላርግ? ከዳር አኻያ ቆረጥኩ፣ እርጥቡን፤
ጫፉን አሹዬ፣ ቸነከርኩበት ሰሌዳውን፤
ከውኃው አፍ አቁሜ፣ በድንጋይ መትቼ ተከልኩት፤
ለዋናው መሥሪያ ቤት «ተፈጽሟል» ብዬ ጻፍኩት።

ዘንድሮ ተመለስኩ፣ በሐምሌ፣ በሚፋጅ ቀን፤
ከመኪናው ሳልወርድ ሰማሁ የልጆች ጩኸትን።
ልቆጣ ነው የወረድኩ፣ ጉሮሮዬን ጠራርጌ፣
ቆቤን ወደ ግንባሬ ዝቅ አድርጌ።

ስጠጋ፣ ያ እንጨት
እኔን አክሎ ቆሟል፣ ሥር ሰዶ፣ አቆጥቁጦ፣
ለምለም ቅርንጫፉን ሰሌዳው ላይ ገልብጦ፣
ካልሲ፣ ፎጣ፣ የአንድ ጎልማሳ ሱሪ ተሸክሞ።
ሃልቨር በቢጫ የሞላት ቃል፣ መካከለኛይቱ፣
በቅጠል ተጋርዳ ጠፍታለች ከፊቱ፤
የቀረው ይነበባል፣ ከሩቅም ከቅርብም ላየው፦
«መዋኘት … ነው።»

ነጩ ወንበር ላይ ካሪ፣ ፊሽካ በጥርሷ ነክሳ፣
ያለ ደመወዝ መጥታ፣ የወንድሟን ቆብ ለብሳ፣
ራስ ትቆጥራለች፤ ዘጠኝ፣ አሥር፣ አሥራ አንድ።
አየችኝ። መቁጠሯን አላቆመችም።

መጋዝ ነበረኝ መኪናው ውስጥ።
ዶልዱሟል ብዬ ራሴን ሸነገልኩት፤
ጫማዬን አወለቅኩ፣ ከአኻያው ሥር አኖርኩት።
ውኃው ቁርጭምጭሚቴ ጋ ሲደርስ ሳቅሁ ለብቻዬ፦
ከሃያ ሁለት ዓመት አንድ ጸደቀ ተክዬ።

ሰኞ ለሃልቨር ነገርኩት። መሮውን አስቀመጠ።
«የትኛው ቃል ነው የተሸፈነ?» ብሎ ጠየቀ።
ነገርኩት።
ዝም አለ። መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ።
ቆይቶ፣ ቆይቶ፣
«ቁልፉን አምጣ» አለኝ፤ «ጉልበቴ ዛሬ ደህና ነው።»