የቅዳሜ ቀጠሮ

ጓንጉል፣ ማክሰኞ ጠበቅሁህ፤
ባለፈውም ወር እንዲሁ።
ስምህን ጠርቼ አግዳሚው ዝም ሲለኝ
ካርድህ ላይ ያለውን ባዶ ሣጥን አየሁት፣
እርሳሴን አንስቼ መልሼ አስቀመጥሁት።
ደወልሁ። «ደንበኛውን ማግኘት አይችሉም» አለችኝ
ያቺ የማትደክም ሴትዮ።

ቅዳሜ ገበያ ወረድሁ፣ ሽንኩርት ልገዛ ነው ብዬ፣
ራሴንም ዋሽቼ።
ከጠዳ የመጡ ማር ሻጮች ከተደረደሩበት
አገኘሁህ፤ ጣሳው በጉልበቶችህ መሀል፣
ንብ በአፉ ዙሪያ ስታንዣብብ እጅህ ሳይሸሽ።

«ድኛለሁ እኮ ሲስተር» አልኸኝ፣
«ዘንድሮ ነድፋኝ አልወደቅሁም፤
ለጤነኛ ክንድ መርፌ ምን ያደርጋል?»
«ቀስ በቀስ እንቁላል...» ብዬ ስጀምር
«በእግሩ ይሄዳል» ብለህ አቋረጥኸኝ፤
«የኔ እንቁላል ግን በሚኒባስ ነው የሚሄደው፣
ደርሶ መልስ፣ ያውም በሥራ ቀን።»

ያን ጊዜ አፈርሁ።
ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ መርዙ ነገርሁህ፣
ስለ ጠብታው ልክ፣ ደምህ ስለሚማረው ትምህርት፤
ስለ ማክሰኞ ግን አንድ ቀን አልጠየቅሁህ።

ያቺን ሌሊት አስታውስ አልልህም።
አንተ አታውቃትም፣ እኔ ነኝ የማልረሳት፤
ከንፈርህ አብጦ፣ ጉሮሮህ አፉ እንደ ታሰረ ስልቻ፣
ትርንጎ ዳገቱ ላይ የከዳትን ባጃጅ ትታ
በትከሻዋ ደግፋህ ስትገባ፣
አንድ እግሯ ጫማ አልነበረውም።

መርዙ ያው የንቧ ነው።
በአንዴ ሲመጣ በር ሰባሪ ሌባ፤
ወር ቆጥሮ፣ በጠብታ፣ ሲያንኳኳ ግን
ደምህ «ማነው?» ይላል፣ ድምፁን ይለያል፣
እንደ ጎረቤት ያስገባዋል።
ሁለት ወር ሲቀር እንደገና ባዳ ነው።

ስለዚህ ማክሰኞን ሰረዝሁት፤
ቅዳሜ ብዬ ጻፍሁ፣ ከስድስት ሰዓት በኋላ፣
ማርህን ሸጠህ፣ እግረ መንገድህን።
ዶክተር አጥናፉን ለመንሁት፣ አጉረምርሞ ፈረመ።
ቅዳሜ የኔ የልብስ አጠባ ቀን ነበር፤
ይሁን፣ ልብስ ይጠብቃል።

ዛሬ መጣህ።
ልኩን ዝቅ አድርገን ጀመርን፣ ትንሽ ወደ ኋላ፤
ከፋህ፣ አየሁህ፣ ግን ክንድህን አልሰበሰብህም።
ከመርፌው በኋላ ያለውን ሠላሳ ደቂቃ፣
ማንም የማይወደውን፣
አብሬህ ተቀመጥሁ።
«ማርህ ስኳር አለው ይሉሃል» አልሁህ።
ሳቅህ፤ እኔ ግን ከሳቅህ ሥር
ትንፋሽህን ነበር የማዳምጠው።
ጥሩ ነበር። ሳይሰነጠቅ ወጣ፣ ሳይሰነጠቅ ገባ።

አንዷን ሣጥን በእስክሪብቶ ሞላኋት፤
ሠላሳ አንድ ይቀራሉ።
በሩን ይዘህ ዞር አልህና
«የቅዳሜ ሹር ዕለትስ ሲስተር፣ ትኖሪያለሽ?» አልኸኝ።
ፋሲካ ገና ሰባት ወር ነው።
ቀን መቁጠሪያውን እየገለጥሁ ነው፣ ቆይ።