ስምንት ላይ ነው የተነሳሁት

ቃሊቲ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ከጎማ ቤቱ በላይ፣
ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
ከአቶ ልሳኑ ቢሮ በር አጠገብ አንድ አግዳሚ አለ።
ዘጠኝ ማክሰኞ ተቀምጬበታለሁ።
ጣውላው ልኬን አውቆታል፤
ጸሐፊዋ ስሜን ትታ «ማክሰኞ» ትለኛለች።
«ማክሰኞ፣ መጣህ? ስብሰባ ላይ ናቸው።»

ግድግዳው ላይ አሁንም አለሁ፤
«መዶሻው ወርዶፋ»፣ ጓንቴን አገጬ ሥር አድርጌ፣
የእኔ ባልሆነ ቁጣ አፍጥጬ፣
ከጎኔ የብር ቁጥር፣ ከፊቴ የሚገዝፍ።
ወረቀቱ ከጥጉ ተልጧል፤
ቁጥሩ ግን እንዳለ ነው።

ያን ሌሊት፣
አምስተኛው ዙር ላይ ግራው መጣ፤ አየሁት፤ አልፈጠንኩም።
መብራቱ ከላይ ወደ ታች ሄደ፣
የሸራው ሽታ፣ ላብና በረኪና፣ አፍንጫዬ ገባ፣
ዳኛው ጣቱን እያወጣ ይቆጥር ጀመር።
አንድ፦ ቱሉ ዲምቱ፣ ብሎኬት ማምረቻው፣ ሲሚንቶ የበላው መዳፌ።
ሦስት፦ የቤት ኪራይ።
አምስት፦ የእህቴ የጫልቱ የኮሌጅ ክፍያ።
ሰባት፦ ምንም። ሰባት ላይ ሰው ምንም አያስብም።
ስምንት ላይ ተነሳሁ።
እስከ መጨረሻው ደወል ቆምኩ፤ ዳኛው እጄን አነሣው።
ባዶ መሆኑን ማንም አላየም፣
ጓንት ለብሷል።

በሳምንቱ አቶ ልሳኑ ቆጠረ።
(ይህን ስም ሲያወጡለት እናቱ ምን ታይቷቸው ይሆን?)
ማር በተቀባ ድምፅ፣ በካልኩሌተር፦
«ለአዳራሽ፣ ግማሹ ያንተ ነው ልጄ፤
ለሐኪም፤ ለበረዶ፤
ለፖስተር፣ ፊትህ አይደል የወጣው?
ሳትመልስ ለሄድከው ፎጣ፤
ለጀነሬተር ናፍጣ፤
ለቅንድብህ ክር፣ አምስት ስፌት።
ቀሪው...»
ቀሪ።
ትምህርት ቤት ስም ሲጠራ የሌለው ልጅ ቀሪ ይባል ነበር።
የእኔም ብር እንደዚያ ቀሪ ነው፣
ስሙ ይጠራል እንጂ «አቤት» አይልም።

«ውሉስ?» አልኩት።
«ውሉማ እኔ ጋ ነው» አለ፣ የደረት ኪሱን መታ መታ አድርጎ።

ፈትል ቢወሳሰብ ውሉ ይፈለጋል፣
የእኔማ ልቃቂት ውሉ እሱ ኪስ ያድራል።
ቡጢ እንኳ ከፊት ነው፣ ይታያል ሲመጣ፣
ብዕር ግን ከጎን ነው፣ ደም እንኳ ሳይወጣ።

ዛሬ አሥረኛው ማክሰኞ ነው።
አሥር ምን እንደሆነ ለቦክሰኛ አይነገርም።
ደረጃውን ወጥቼ ስጨርስ
አግዳሚዬ ላይ ሰው አለ።
ከፊቱ በፊት ትከሻውን አወቅሁት።
ሙክታር፤ ከድሬ ሌሊቱን በአይሱዙ ተጭኖ የመጣ፤
ያ ግራ እጅ ዛሬ ፌስታል ይዟል፣
በፌስታሉ ሁለት ማንጎ፣ አንድ የታጠፈ ወረቀት።

«አቦ ወርዶፋ! ያሸነፈም ደጅ ይጠናል እንዴ?»
«አንተስ?»
«ያንተ ድርሻ ለመዶሻው ሕክምና ወጣ ብሎኝ ነዋ።»
ዝም አልኩ።
ለእኔ ያለኝ፣ «የሙክታርን መንጋጋ ማሳከሚያ ሆነ» ነበር።
መንጋጋውን አየሁት። ደህና ነው።
እሱም ቅንድቤን አየ፣
ጠባሳዋን በአውራ ጣቱ ነካ አደረጋት፣
«ይቺ የኔ ናት» አለ፣ የጠፋ ዕቃውን እንዳገኘ ሰው።
«ክሩ ግን የራሴ ነው፤ ተቆርጦብኛል።»
ሳቅን። ግድግዳው ላይ ያለው እኔ ብቻ አልሳቀም።

ጸሐፊዋ በሩን ገርበብ አደረገች፣
«ማክሰኞ...» ብላ ጀምራ ሁለት ሆነንባት ዘጋችው።
ከውስጥ ተቆለፈ።
ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ተቆለፈ።

ሙክታር ፌስታሉን ፈታ።
አንድ ለእኔ፣ አንድ ለእሱ፤
ያለ ተቀናሽ።
ጭማቂው በክርናችን እየወረደ በላን፤
ከታች የጎማ ቤቱ ኮምፕረሰር ይጮኻል፣
በሩ ሥር የአንድ ሰው ጫማ ጥላ
መጣ፣ ቆመ፣ ተመለሰ።

አልቸኮልንም።
የዚህ ሕንፃ ደረጃ አንድ ነው፤
መውረጃውም በእኛ በኩል።