ማዕዘን ያለው ሆድ

ከድሮው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ነው ሱቄ፤
በፍላሽ ፊልም እጭናለሁ፣ ሁሉን አስቀድሜ አውቄ፤
የገዳዩን ስም ግን እይዛለሁ ደብቄ።

ዘንድሮ የመጣው የግድያ ፊልም ሁሉ
የአንድ እናት ልጅ ይመስላል፣ አንድ ነው ጠባዩ፣ አመሉ።
ዝናብ ነው ሁልጊዜ። መርማሪው እንቅልፍ የለው፣
ሚስቱ ጥላው ሄዳለች፣ ፍሪጁ ውስጥ ያለው
አንድ የደረቀ ሎሚ ነው።
ኮቱን አያወልቅም። እስቲ ድሬ መጥቶ
በግንቦት ቀትር ላይ ከዚራ መሐል ወጥቶ
ይቁም አሥር ደቂቃ፤
ፍንጩን ትቶ ውሃ ይፈልጋል፣ በቃ።

ገዳዩም ያው ነው፤ መጀመሪያ ላይ ፈገግ ያለው፣
ለሟቿ ሻይ የቀዳው፣ ለውሻዋ ሥጋ የጣለው።
ሃያኛው ደቂቃ ላይ አውቄው ቁጭ እላለሁ፤
የቀረውን ሰዓት የቤታቸውን መጋረጃ አያለሁ።

አንዱን ግን ወድጄዋለሁ።
ገዳዩ አይያዝም። መርማሪዋ ቤቷ ገብታ
ድንች ስትልጥ ያልቃል፣ ቀስ ብላ፣ ተረጋግታ።
ደንበኞች ተቆጡ፤ «ብራችንን መልስ!
ምን ዓይነት ፊልም ነው በድንች የሚጨርስ?»

የፖሊስ ኮሜዲ ሌላ ነው፤ ብቻህን አይጥምም፣
ጎንህ የሚስቅ ከሌለ ቀልዱም ቀልድ አይሆንም።
ስለዚህ ሲመሽ፣ ከደቻቱ በኩል ነፋስ ሲመጣ፣
ሁለት ወንበር አወጣለሁ። አንዱ፣ ጡረታ ከወጣ
አሥራ ሁለት ዓመቱ፣ የሃምሳ አለቃ ዘውገ ነው፣ የቀድሞው ፊናንስ።
(«አንቱ» ድሬ ላይ አይሠራም፤ ሙቀቱ አቅልጦታል፣ ድብን!)
ሁለተኛው የአዴ ሉባባ፣
ከደወሌ እስከ ድሬ ባቡሩን ያሰለቸች ነጋዴ፤
«ኮንትሮባንድ» ሲሏት የምትል «ወግድ፣ አባ!»

በቀደም ያየነው ሁለት ፖሊስ ነበረው፣
አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን፤ ሁሌም እንደዚያ ነው።
ሌባ ሲያባርሩ ቁልፋቸው መኪናቸው ውስጥ ቀረ፤
በታክሲ ተከተሉት፤ ኪሳቸውን ቢዳብሱ ዝርዝር አልነበረ፤
ሌባው ከፈለላቸው።

ሃምሳ አለቃ እስኪያነባ ሳቀ። ከዚያ ዝም አለ።
«እንዲህ አይደለንም» አለ። ቆይቶ፣ «እንዲህም ነን» አለ።

አዴ ሉባባ ዞረች። «አንተ ሰውዬ» አለችው፣
«ስንቴ ፈተሽከኝ? ይህን ሆዴን ስንቴ አየኸው?
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ነፍሰ ጡር ነበርኩኝ፤
ሽፎን አረገዝኩ፣ ሳሙና፣ ቴርሞስ፣ ካሴት አረገዝኩኝ፤
አንድ ቀን እንኳን ‹መቼ ነው የምትወልጅ?› አላልከኝ!»

«ልጅ ማዕዘን የለውም» አለ፣ ጥርሱን እየነካካ፤
«ያንቺ ሆድ አራት ማዕዘን ነበረው፣ በሜትር ቢለካ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ… ጎንሽ ልጅ ነበረች፣ ጫማዋ የተለያየ፣
አንዱ ቀይ፣ አንዱ ቡኒ። አለፍኩ፣ እንዳላየ።»

ፊልሙ ላይ ወፍራሙ ከደረጃ ተንከባሎ ወደቀ፤
ከእኛ ግን አንድም ሰው አልሳቀ።
አዴ ሉባባ ነጠላዋን አጥብቃ፣ ደግማ ፈታች፤
«ቡኒው የወንድሟ ነበር» አለች።
ልጅቷ አሁን ሳቢያን ፋርማሲ አላት፤
ለሃምሳ አለቃ የደም ግፊቱን መድኃኒት የምትሸጠው እሷ ናት።
አላወቀም ነበር። አሁንም አልነገርናት።

ሊሄድ ሲል ፍላሹን ሰጠኝ። «ለነገ» አለኝ፣ «የግድያ፤
ገዳዩ የሚያዝበት ይሁን፤ ይብቃን የሳቅ ገበያ።»

እሺ አልኩት። የጫንኩለት ግን የድንቹን ነው።
ከሁለት ቀን በኋላ መለሰው። «እንዴት ነው?»
አላልኩትም። እሱም ዝም። ሁለቱንም ወንበር ራሱ አወጣ።
«ብሬን መልስ» አላለኝም።
አዴ ሉባባን ጠበቅናት፤ ከእሷ በፊት ነፋስ መጣ።