ያሳረፍኩት ልጅ

ከወፍጮ ቤት ጀርባ፣ ቀበሌ አሥራ አራት፣
ቆርቆሮ ቤት አለኝ፣ ዝናብ የሚመታት።
ሃያ ሁለት ወንበር። ቲቪዬ አንድ ነው።
ልጆቹ "አኒሜ"፣ እኔ "ካርቱን" የምለው።
"መግቢያ አሥር ብር" ይላል በሬ ላይ በኖራ፤
የጻፈው ሽባባው፣ እጁ የሚቀናው ግራ፣
ማንጋ ፎቶ ኮፒ በጉያው ሸጉጦ
ከኋላ የሚያነብ፣ ከደጃፌ ተቀምጦ።

ሥራዬ ትርጉም ነው። ጃፓንኛ አልሰማም።
ልማርህም ብለው የሚቀናኝ አይመስለኝም።
ከሥር የሚሮጠውን የእንግሊዝ ጽሑፍ
እንደ ዶሮ ለቅሜ ባማርኛ የምለፈልፍ፤
ያልገባኝ ቦታ ላይ ከራሴ እጨምራለሁ፣
ጎራዴ ሲመዘዝ ፉከራ አዘንባለሁ።
"ዘራፍ!" ይላል ልጁ፣ ነጭ ፀጉሩን ነስንሶ፤
ባላንጣው "በማርያም!" ይላል፣ ተንበርክኮ፣ አልቅሶ።
ሩዙን ብቻ ተውኩት፤ ፎገራም ይበቅላል፤
ጣና ዳር ያደገ ሩዝ መቼ ይገርመዋል።

ቶኪዮ ያለው ድርጅት ስሜንም አያውቅም፤
እኔም ለባለቤቱ ሳንቲም አልከፍልም።
ዓለም ተሰልፎ፣ ቲሸርት፣ ቦርሳ፣ ጫማ፣
ፊቱን ለብሶት ሲዞር ከተማ ለከተማ፣
እኛም ዘንድ ደርሷል፤ ባጃጅ ላይ ተለጥፎ
ከጊዮርጊስ ፈረስ ጎን ይሄዳል ተቃቅፎ።
የለጠፈው አንሙት ፈቃድም፣ ውልም የለው፤
አንዱን ዓይን ሃምሳ፣ ጥንዱን ሰማንያ የሚለው።

ከዚያ ኔትወርክ ጠፋ። ክረምት መጣ። ሄደ።
መስቀል፣ ገና አለፈ፤ አንድ ክፍል አልወረደ።
ልጁን ትተነዋል ገደል አፋፍ ቆሞ፣
ጎራዴው ተሰብሮ፣ አንድ ዓይኑ ጨልሞ።
ሽባባው በየማታው በሬን ያንኳኳል፤
"ጋሽ ምንይችል፣ ሞተ? ወይስ ዳነ?" ይላል።
እኔ ምን እችላለሁ? ስሜ ነው እንጂ።

ጥር ሃያ አንድ ማታ፣ መብራትም የለ፣
ሻማዬን ለኮስኩና፣ ጥቁሩ ቲቪ ፊት ቆምኩኝ፤
"ዛሬ መጨረሻው ነው፤ ብር አልቀበል" አልኩኝ።
ከገደሉ ግርጌ ውሃ አደረግኩለት፣
በደንገል የታሰረ ታንኳ አቀረብኩለት።
ቀዛፊ ሰጠሁት፣ ከዘጌ የመጣ፣
ሽማግሌ፣ ዝምተኛ፣ ወሬ የማያመጣ።
ባላንጣውን ሳይገድል፣ ስባሪውን ለውሃ ጥሎ፣
ጉማሬ ባጠገቡ ሲያጉረመርም፣ እሱ ዝም ብሎ፣
ንጋት ላይ፣ ዓባይ ከሐይቁ ከሚወጣበት ደርሶ፣
ተኛ አልኳቸው። በቃ። ነጭ ራሱን ደንገል አንተርሶ።
ይሙት ወይ ይተኛ፣ እኔ አልለየሁም፤
ከሃያ ሁለት ወንበር ትንፋሽ አልሰማሁም።

ግንቦት ላይ ስልኬ ጮኸ፤ ኔትወርኩ መለሰ፤
አሥራ ሦስት ክፍል ባንድ ሌሊት ደረሰ።
ልጁ ተነሥቷል። የጠፋው ዓይኑ በርቷል።
አዲስ ካባ ለብሷል፤ ካባው ገበያ ወጥቷል።
ለባላንጣው ደግሞ ታላቅ ወንድም መጥቷል፤
ለወንድሙም አጎት። ከሥር፦ "ይቀጥላል"።

የሚሸጥ ሰው አይሞት።
እዚያም አንድ ሠዓሊ ያለ ይመስለኛል፣
ጠረጴዛ ላይ ያቀረቀረ፣ ጣቱ የደነዘዘ፣
"ላሳርፈው" ብሎ ለምኖ፣ "ይሸጣል እኮ" ተብሎ የታዘዘ።
ባገኘው ወንበር እሰጠው ነበር። በነፃ።

በማግሥቱ ከፈትኩ። አሥር አሥር ብሬን ለቀምኩ።
"ዘራፍ!" አልኩኝ እንደ ድሮው፤ ለራሴ ግን አፈርኩ።
ሽባባው በሩን ይዞ፣ ሳይወጣ ሳይገባ፣
"አንተ ያሳረፍከውን፣ ለምን ቀሰቀሱት?" አለኝ።

መልስ አልነበረኝም።
ብሩን ሰጠኝ። ገባ። ጥጉን ይዞ ተቀመጠ።
ጎራዴው ሲመዘዝ ግን፣ ልጅ አይደል፣
ጩኸቱ ከሁሉ በለጠ።